ለተሸናፊው የተዘጋጀ ውድድር

የአንባቢያን ጥያቄና የአዘጋጁ መልስ

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አምስቱ፣ ጸሐፊዎቻቸው ሳይመካከሩ፣ በአንድ ጉዳይ ዙሪያ የተጻፉ ሆነው አግኝተናቸዋል። ጉዳዩ የቪዲዮ ጌም ኩባንያዎች ለተጫዋቾቻቸውና ለደጋፊዎቻቸው የሚያዘጋጁት ውድድር ነው። በመሆኑም አምዱን በሙሉ ለዚሁ ሰጥተነዋል። የጠያቂዎቹን ስም ትተን አካባቢያቸውን ብቻ ጠቅሰናል፤ ደብዳቤዎቹንም ፍሬ ነገራቸውን ሳንለቅ አሳጥረናቸዋል። ከአገራችን አዋጆች ቁጥር በስተቀር ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «የ15 ዓመት ልጄ አንድ የውጭ አገር የጌም ኩባንያ ላወጣው የገጸ ባሕርይ ልብስ ሥዕል ውድድር ከትምህርት ቤት መልስ ለሳምንታት ሲሥል ከረመ። አላሸነፈም። አዝኖ ጌሙን ይተወዋል ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ ፍቅሩ ጨመረ፤ ጓደኞቹን እያስገባ ነው፤ ለጌሙ ብሎ የሚጠይቀኝም ገንዘብ በዛ። ኩባንያው ለማያውቀው የአዲስ አበባ ልጅ ይህን ሁሉ የሚደግሰው ምን ሊያተርፍ ነው?» (እናት፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ውድ እናታችን፣ በልጅዎ ላይ ያዩት ነገር የውድድሩን አዘጋጆች የሚያስገርማቸው አይደለም፤ እንዲያውም የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። የዚህ ዓይነቱ ውድድር ሽልማቱን ለአሸናፊው ይስጥ እንጂ ትርፉን የሚለቅመው ከተሸናፊው ነው። አሸናፊው አንድ፣ ቢበዛ አሥር ነው፤ ለእሱ የሚወጣው ወጪም አስቀድሞ የታወቀ ነው። ያላሸነፉት ግን በሺህ ይቆጠራሉ፤ እያንዳንዳቸውም ገጸ ባሕርዩን ከፊትም ከኋላም አይተው፣ የልብሱን ቀለም ከመሣሪያው ጋር አመሳክረው፣ ስለ እሱ የተጻፈውን ታሪክ አንብበው፣ የሠሩትንም ለጓደኞቻቸው አሳይተው ነው ለውድድሩ የቀረቡት። በክፍያ በሚነገር ማስታወቂያ አንድን ልጅ ግማሽ ደቂቃ ማስቆም እንኳ ይቸግራል፤ በውድድር ግን ልጁ በገዛ ፈቃዱ፣ ያለ አንዳች ክፍያ፣ ለሳምንታት ከምርቱ ጋር ይውላል፤ ያድራል።

ስልቱ ከቪዲዮ ጌም ይቀድማል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮበርት ቻልዲኒ እንደገለጸው፣ በአሜሪካ እንደ ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ያሉ የቤት ውስጥ ፍጆታ አምራቾች «ይህን ምርት የምወደው…» ብሎ የሚጀምር፣ በ25፣ በ50 ወይም በ100 ቃላት የሚያልቅ ጽሑፍ የሚቀርብበት ውድድር ያዘጋጁ ነበር። ለመወዳደር ብዙውን ጊዜ ዕቃውን መግዛት አያስፈልግም ነበር። ታዲያ ኩባንያዎቹ ምን አገኙ? በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ዕቃውን የሚያስመሰግን ነገር ፈልገው፣ በእጃቸው ጽፈው፣ ስማቸውን ከግርጌው አኖሩበት። ሰው በአደባባይ ከተናገረው ቃል ጋር ተስማምቶ መኖር ይወዳልና የጻፈውን ምስጋና ቀስ በቀስ ራሱ ያምነዋል። በ2012 ደግሞ ማይክል ኖርተንና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት ሰዎች በእጃቸው ለገጣጠሙት ዕቃ፣ ያው ዕቃ ተገጣጥሞ ቢቀርብላቸው ከሚሰጡት የበለጠ ዋጋ እንደሚሰጡት አሳይተዋል። በዚያ ጥናት ውስጥ ለእርስዎ ጥያቄ የሚጠቅም አንድ ዝርዝር አለ፦ ሥራውን ጀምረው ሳይጨርሱ በቀሩት ሰዎች ላይ ይህ ስሜት አልታየም። ወሳኙ መጨረስ እንጂ መሸለም አልነበረም ማለት ነው። ልጅዎ ሥዕሉን ጨርሷል።

የጌም ኩባንያዎች ይህን የተረዱት ደረጃ በደረጃ ነው። በ1972 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ «ስፔስዋር» በተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ የተካሄደው ውድድር ሽልማቱ ለአንድ ዓመት የሚዘልቅ የመጽሔት ደንበኝነት ብቻ ነበር፤ እኛ መጽሔት አዘጋጆች በዚህ ሽልማት ላይ ቅሬታ የለንም። በ1980 አታሪ ያዘጋጀው የ«ስፔስ ኢንቬደርስ» ሻምፒዮና 10 ሺህ ያህል ሰው አሳተፈ፤ በ1990 ደግሞ ኒንቴንዶ በ29 የአሜሪካ ከተሞች እየተዘዋወረ ልጆችን አወዳደረ። እነዚህ ሁሉ የችሎታ ውድድሮች ናቸው። ለልጅዎ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው የጃፓኑ ካፕኮም ነው። ኩባንያው በ1988 ላወጣው «ሜጋ ማን 2» ተጫዋቹ የሚገጥማቸውን ዋና ዋና ጠላቶች ልጆች ሥለው እንዲልኩ ጋበዘ፤ ከ8 ሺህ በላይ ሥዕሎችም ደረሱት። በጌሙ ውስጥ የነበረው ቦታ ግን ለስምንት ጠላቶች ብቻ ነው። የቀሩት ልጆች ጌሙ ሲወጣ የእነሱን ሥዕል ያሸነፈው ምን እንደሚመስል ሳያዩ አይቀሩም ብሎ መገመት አያዳግትም፤ ካፕኮምም ልማዱን በቀጣዮቹ ክፍሎች ይዞ ቀጠለ፤ ስድስተኛው ክፍል ላይ ሲደርስም ከአሜሪካ ልጆች ሥዕል ተቀብሏል።

በቅርቡ ደግሞ፣ በ2018፣ ኤፒክ ጌምስ የ«ፎርትናይት» ተጫዋቾች ሲጨፍሩ ራሳቸውን ቀርጸው እንዲወዳደሩ ጠርቶ የአሸናፊው ውዝዋዜ ወደ ጌሙ እንደሚገባ ቃል ገባ። ብርቱካናማ ሸሚዝ ለብሶ የጨፈረ አንድ ልጅ አንደኛ አልወጣም፤ ተመልካቹ ግን በእሱ ተማርኮ ስለነበር ፊርማ እስከ ማሰባሰብ የደረሰ ጩኸት አሰማ። ኩባንያው በመጨረሻ የልጁን ውዝዋዜ ስም አውጥቶለት ወደ ጌሙ አስገባው። የተሸናፊው ዝና የአሸናፊውን ሸፈነው፤ ኩባንያውም አንድ ውድድር አዘጋጅቶ ሁለት ጊዜ ተነገረለት። (በ2019 የልጁ ቤተሰብ ኩባንያውን መክሰሱን፣ ክሱም በኋላ መቋረጡን መጨመር ይገባል፤ የመብቱን ነገር በሚቀጥለው መልስ እንመለከተዋለን።)

እንግዲህ ምን ያድርጉ? በእኛ ግምት ሥዕሉንና ገንዘቡን ለያይተው ቢያዩ ይሻላል። ለሳምንታት በትዕግሥት መሣል፣ በተወሰነ ቀን ማስረከብ፣ ከማያውቁት ሰው ጋር መወዳደር ለአንድ የ15 ዓመት ልጅ ጥሩ ትምህርት ነው፤ ዋናውን ሥዕል ይዞ ያስቀምጠው፣ ለትምህርት ቤቱ የሥዕል መምህርም ያሳየው። ገንዘቡ ግን ሌላ ነው። ውድድሩ በልጁ ውስጥ የፈጠረው ቁርኝት ኩባንያው የሚሸጣቸውን ስኪኖች (የገጸ ባሕርይ መልኮችና ልብሶች) እና ጌጣጌጦች ለመግዛት በሩን ይከፍታል፤ ስለዚህ በወር የሚፈቅዱለትን መጠን ቀድመው ወስነው ይንገሩት፤ በደላላ አካውንት የሚፈጸም ግዥም ይከልክሉት። የውድድር ደንቦች ለአካለ መጠን ያልደረሰ ተወዳዳሪ የወላጅ ስምምነት እንዲያቀርብ የሚጠይቁት በአብዛኛው ነው፤ በአገራችን ሕግ ደግሞ አካለ መጠን የሚደረሰው በ18 ዓመት ነውና ልጅዎ እርስዎ ሳያውቁ «እስማማለሁ» የሚለውን ነክቶ እንደሆነ ይጠይቁት።

ጥያቄ፦ «የሥነ ጥበብ ተማሪ ነኝ። የጌም ኩባንያዎች ለሚያወጡት የገጸ ባሕርይና የስኪን ዲዛይን ውድድር ሥራዬን መላክ እፈልጋለሁ፤ ነገር ግን ባላሸንፍም ሥራዬን ይወስዱታል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?» (ከስድስት ኪሎ)

መልስ፦ እህታችን፣ እንደ ውድድሩ ደንብ ነው፤ ደንቦቹም እጅግ የተለያዩ ናቸው።

በአንደኛው ጫፍ ሠሪውን የገቢ ተካፋይ የሚያደርግ አሠራር አለ። የአሜሪካው የጌም ኩባንያ ቫልቭ በጌም መሸጫው «ስቲም» ላይ በ2011 በከፈተው «ስቲም ወርክሾፕ» ተጫዋቾች ለ«ቲም ፎርትረስ 2» ኮፍያና መሣሪያ እየሠሩ ያቀርባሉ፤ ተመርጦ ወደ ጌሙ የገባ ዕቃ በተሸጠ ቁጥር ለሠሪው 25 በመቶ ይደርሰው ነበር። ኩባንያው በጥር 2015 እንዳስታወቀው በዚህ መንገድ በ75 አገሮች ለሚገኙ ከ1,500 በላይ ሰዎች ከ57 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተከፍሏል። ይህ ገንዘብ ለጥቂቶች ብዙ፣ ለብዙዎች ደግሞ ጥቂት ወይም ምንም እንደሆነ አይዘንጉ፤ ሆኖም ደንቡ የሠሪውን ድርሻ በግልጽ ያስቀመጠ ነው።

በሌላው ጫፍ ያለው ደንብ ሥራውን መላክ ብቻውን መብቱን እንደ ማስተላለፍ ይቆጥረዋል። ይህ ጥንቃቄ ከየት እንደመጣ ለመረዳት «ዶታ» የተባለውን ጌም ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል። ብሊዛርድ የተባለው ኩባንያ በ2002 «ዋርክራፍት 3» የተሰኘውን ጌም ሲያወጣ ተጫዋቾች የራሳቸውን ካርታና ጨዋታ የሚሠሩበትን መሣሪያ አብሮ ሰጠ። በዚያ መሣሪያ ተጫዋቾች ያለ ክፍያ የሠሩት «ዶታ» ከዋናው ጌም የማይተናነስ ዝና አገኘ፤ ቫልቭ በ2009 ከሠሪዎቹ አንዱን ቀጠረና በ2013 «ዶታ 2»ን አወጣ። በብሊዛርድ ቤት የተወለደው ሐሳብ ተፎካካሪውን አበለጸገ ማለት ነው። ብሊዛርድ በ2020 «ዋርክራፍት 3»ን አድሶ ሲያቀርብ ተጫዋቾች በመሣሪያው የሚሠሩት ጨዋታ ሁሉ የብሊዛርድ ብቻ ንብረት እንደሚሆን በደንቡ ጻፈ፤ ብዙ ደጋፊዎችም ተቆጡ። ኩባንያው ራሱን ለመጠበቅ የወሰደው እርምጃ እንደሆነ ይገባናል፤ ነገር ግን የደጋፊን ጉልበት ያለ ዋጋ እየተቀበሉ ፍሬውን አስቀድሞ ጠቅልሎ መያዝ ለታማኝነት የሚከፈል ብድር አይመስለንም።

በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥዕልዎ ከእጅዎ ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ፣ የትም ሳይመዘገብ፣ የእርስዎ ነው። ችግሩ የውድድሩ ደንብ አብዛኛውን ጊዜ የሚተዳደረው በኩባንያው አገር ሕግ መሆኑ ነው፤ ክርክር ቢነሳ ወደዚያ ፍርድ ቤት ለመሄድ አቅሙ ያለን ጥቂቶች ነን። ስለዚህ መከላከያው ከመላክዎ በፊት ማንበብ ነው። በደንቡ ውስጥ ያልተመረጡ ሥራዎች ምን እንደሚሆኑ የሚናገረውን አንቀጽ ፈልገው ያንብቡ፤ ስምዎ ከሥራው ጋር ይጠቀስ እንደሆነ ይመልከቱ፤ «ለዘለዓለም»፣ «በዓለም ዙሪያ»፣ «ያለ ክፍያ» የሚሉት ሦስቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከተገናኙ ደግሞ በጣም የሚወዱትንና ለራስዎ ያሰቡትን ገጸ ባሕርይ አይላኩ፤ በኩባንያው ገጸ ባሕርይ ላይ የተመሠረተ ሥራ ብቻ ይላኩ። ንድፎችዎን ከነቀናቸው ያስቀምጡ። ሽልማቱ ገንዘብ ከሆነም ኢትዮጵያ በተፈቀደላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ መኖሯንና ክፍያው በምን መንገድ እንደሚላክ ቀድመው ያረጋግጡ፤ ከድካሙ በኋላ «አገርዎ አልተካተተም» የሚል መልስ ማግኘት ያሳዝናል።

ጥያቄ፦ «የምጫወተው ጌም ባዘጋጀው ውድድር 5 ሺህ ዳይመንድ (የጌሙ መገበያያ) አሸንፈሃል የሚል መልእክት በቴሌግራም ደረሰኝ። የአካውንቴን የይለፍ ቃልና ለማስተላለፊያ የሚሆን ትንሽ ብር በቴሌብር ጠየቁኝ። ልላክ?» (የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከሜክሲኮ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ አትላክ። እውነተኛ አዘጋጅ ሽልማቱን በራሱ ጌም ውስጥ፣ በአካውንትህ መለያ ቁጥር ያስገባልሃል፤ የይለፍ ቃልህን፣ በስልክህ የሚደርስህን የማረጋገጫ ቁጥርም ሆነ የማስተላለፊያ ብር አይጠይቅህም። የይለፍ ቃሉን ቀድመህ ሰጥተህ ከሆነ አሁኑኑ ቀይረው።

ጥያቄ፦ «ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ የነበረው ፕሌይስቴሽን ቤቴ ሰፈሩ ሲፈርስ ተነሥቶ አሁን አምባሳደር አካባቢ እየሠራሁ ነው። አዲስ ደንበኛ ለማፍራት ብዬ የእግር ኳስ ጌም ውድድር አዘጋጅቼ ለአንደኛው ስልክ ሸለምኩ። ቤቱ ሞልቶ ነበር፤ በሚቀጥለው ሳምንት ግን የቀድሞዎቹ ልጆች ብቻ ቀሩ። የውጭዎቹ ኩባንያዎች የሚያደርጉት ለእኔ ለምን እምቢ አለኝ?» (የጌም ቤት ባለቤት፣ ከአምባሳደር)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ያወጡት ገንዘብ ሁሉ ለአንድ ሰው ሆነ፤ ያ ሰውም ስልኩን ይዞ ሄደ። የተሸነፉት ደግሞ ከቤትዎ የያዙት ነገር የለም። ከላይ ለእናታችን እንዳልነው የውድድር ትርፍ ያለው ከተሸናፊው ዘንድ ነው፤ የእርስዎ አደረጃጀት ግን ተሸናፊውን ቶሎ የሚያሰናብት ነበር።

እስቲ ሒሳቡን እንየው። 32 ሰው በተራ ጥሎ ማለፍ ቢወዳደር 16ቱ ከአንድ ጨዋታ በኋላ ይወጣሉ፤ ውድድሩም በ31 ጨዋታ ያልቃል። አንድ ልጅ ከሽሮ ሜዳ ታክሲ ተሳፍሮ መጥቶ፣ ወረፋ ጠብቆ፣ ከሩብ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ተሸንፎ ከተመለሰ ቤትዎን የሚያስታውሰው በሽንፈቱ ነው። በውጭ አገር ከ1996 ጀምሮ እየተካሄደ ያለውና ዛሬ «ኢቮ» የሚባለው የድብድብ ጌሞች ውድድር የሚከተለው ሌላ አሠራር ነው፦ አንድ ጊዜ የተሸነፈ ወደ ሁለተኛው ምድብ ይወርዳል፤ የሚሰናበተው ሁለተኛ ሲሸነፍ ነው። በዚህ አሠራር ያው 32 ሰው 62 ወይም 63 ጨዋታ ያደርጋል። ጊዜው በእጥፍ ይረዝማል፤ ጆይስቲክና ወንበርም ይፈጃል፤ ነገር ግን ሁሉም ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይጫወታል፤ ከታችኛው ምድብ ተነሥቶ ለፍጻሜ የሚደርስ ሰው ሲገኝ ደግሞ ቤቱ በጩኸት ይናጋል። ጊዜ ካለዎት ከዚህም የሚሻለው ሊግ ነው፤ ሊግ ማለት በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት የሚቀጥል ነገር ነው። የዕቁብ ቀን ማንም ሳያስታውሰው ሰው እንደሚሰበሰብ ሁሉ የውድድር ቀንም እንዲሁ ሲለመድ ነው ደንበኛው የእርስዎ የሚሆነው።

ሽልማቱን ይበትኑት። ለአንድ ስልክ የሚያወጡት ገንዘብ ለብዙ ሰዓት ነጻ ጨዋታ ይበቃል፤ ነጻ ሰዓት ደግሞ የሚበላው በእርስዎ ቤት ውስጥ ነው። ለአንደኛው ብቻ ሳይሆን ባለፈው ሳምንት ከነበረበት ደረጃ ብዙ ከፍ ላለው፣ ከታች ተነሥቶ ለመጣው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ላሸነፈውም ይስጡ። ጀማሪውን ከኃይለኛው አይቀላቅሉ፤ በየሰፈሩ ያሉ ሁለትና ሦስት «የማይቻሉ» ልጆች ሁልጊዜ እንደሚያሸንፉ ከታወቀ የቀረው ሰው ተመልካች ይሆናል፣ ቀጥሎም ይቀራል። የደረጃ ሰንጠረዡን በወረቀትም ቢሆን ግድግዳ ላይ ይለጥፉት። ስሙን ከ14ኛ ወደ 11ኛ ሲወጣ ያየ ልጅ ነገም ይመጣል፤ ሰንጠረዡን ፎቶ አንሥቶ ለጓደኞቹ የሚልከውም እሱ ነው።

ከሕግ በኩል ሁለት ማሳሰቢያዎች አሉን። ከተወዳዳሪዎች መግቢያ ሰብስቦ ያንኑ ገንዘብ ለአሸናፊው መስጠት፣ ይልቁንም ዳር የቆመው ሰው የሚያሲዝበት ከሆነ፣ ወደ ቁማር የሚያስጠጋ ነገር ነው፤ በዚህ ላይ ተወዳዳሪዎችዎ ከ18 ዓመት በታች ከሆኑ ጉዳዩ ይከብዳል። መግቢያ ካስፈለገዎት የጨዋታ ሰዓት ዋጋ ይሁን፤ ሽልማቱ ከራስዎ ኪስ ይውጣ፤ በትምህርት ሰዓትም ውድድር አያድርጉ። ሁለተኛው የአሳታሚዎቹ መብት ነው። የጌሙን ዲስክ መግዛት ብቻውን በጌሙ ውድድር አዘጋጅቶ ገቢ የማግኘት ፈቃድ እንደማይሰጥ ብዙ ኩባንያዎች በደንባቸው ጽፈዋል፤ ለትንንሽ ውድድሮች ደግሞ ለየት ያለ መመሪያ የሚያወጡ አሉ። ለምሳሌ ኒንቴንዶ በ2023 ባወጣው መመሪያ ያለ ልዩ ፈቃድ በአካል የሚደረግ ውድድር ከ200፣ በኢንተርኔት የሚደረግ ደግሞ ከ300 ተወዳዳሪ እንዳይበልጥ ገድቧል። የሚያጫውቱትን ጌም አሳታሚ መመሪያ ያንብቡ፤ እንግሊዝኛው ከከበደዎት የሚያነብልዎት ደንበኛ አያጡም።

በነገራችን ላይ ይኸው ኒንቴንዶ ከደጋፊዎቹ ጋር የነበረው ታሪክ ለእርስዎም ትምህርት አለው። በ2001 የወጣው «ሱፐር ስማሽ ብራዘርስ ሜሌ» ከኩባንያው ይህ ነው የሚባል ድጋፍ ሳያገኝ በደጋፊዎቹ ውድድር ብቻ ከሃያ ዓመት በላይ ኖሯል። በ2013 «ኢቮ» ላይ የትኛው ጌም ይጨመር የሚለው በበጎ አድራጎት መዋጮ እንዲወሰን ሲደረግ የዚህ ጌም ደጋፊዎች ለጡት ካንሰር ምርምር ከ94 ሺህ ዶላር በላይ አዋጥተው አሸነፉ። ውድድሩ ሲቃረብ ኒንቴንዶ በቀጥታ እንዳይሰራጭ ከለከለ፤ ቁጣው ሲበረታበት ወዲያውኑ ሐሳቡን ለወጠ። የስልክ ሽልማት ሳይኖር ይህን ያህል የተጉት ሰዎች የያዛቸው እርስ በርስ መተዋወቃቸው ነበር። ስለዚህ ጨዋታው ሲያልቅ መብራት ለማጥፋት አይቸኩሉ፤ ሻይ ያቅርቡላቸው፤ ያልተዋወቁትን ያስተዋውቁ።

ጥያቄ፦ «ሦስት ጓደኛሞች ሆነን በአማርኛ የሚሠራ የስልክ ጌም እየሠራን ነው። እንደ ኩኩሉ እና ገበጣ ያሉ የአገር ውስጥ ጌሞች መንገዱን አሳይተውናል፤ ነገር ግን ለማስታወቂያም ለሽልማትም ገንዘብ የለንም። ያለ ትልቅ ሽልማት ውድድር ማዘጋጀት ይቻላል? ደጋፊው ራሱ ድምፅ እየሰጠ የሚመርጥበት ብናደርገውስ?» (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ ወንድሞቻችን፣ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ መልስ አዎን ነው፤ በሁለተኛው ላይ ግን ጥንቃቄ እንመክራለን።

ስለ ሽልማት መጠን የሚያስተምረው የ«ዶታ 2» ዓመታዊ ውድድር «ዘ ኢንተርናሽናል» ነው። በ2011 በጀርመን ኮሎኝ ሲጀመር 16 ቡድኖች ተሳትፈው አንደኛው 1 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ፤ ይህ በጊዜው ጆሮ የሚያስይዝ ነበር። በ2013 ቫልቭ የውድድሩን ማስታወሻ የሚሆን ዲጂታል መጽሐፍ በ10 ዶላር አቅርቦ ከሽያጩ 25 በመቶውን በሽልማቱ ላይ ጨመረ፤ ደጋፊው የሽልማቱ አዋጪ ሆነ። ገንዘቡ ከዓመት ወደ ዓመት እየገዘፈ በ2021 ከ40 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ኩባንያው አሠራሩን ለወጠ፤ አብዛኛው ተጫዋች ለዚሁ ሽልማት የሚሸጠውን ዲጂታል ጥቅል ፈጽሞ እንደማይገዛና ከሚሰጠው ስጦታም እንደማይጠቀም ገልጾ ጉልበቱን ወደ ሌላ ሥራ አዞረ። የ2023ቱ ሽልማት ወደ 3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወረደ። ሽልማቱ ከአሥር እጅ በላይ ቢቀንስም ጌሙ ዛሬም በስቲም ላይ ብዙ ሰው ከሚጫወታቸው መካከል ነው። ተጫዋቹን ያቆየው ገንዘቡ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር።

ድምፅ መስጠትን በተመለከተ የ«ማይንክራፍት»ን ነገር ልብ በሉ። ሠሪው ሞያንግ ከ2017 ጀምሮ በተለያዩ ዓመታት ጥቂት አዳዲስ ፍጡራንን ለምርጫ እያቀረበ አብላጫ ድምፅ ያገኘውን ወደ ጌሙ ያስገባ ነበር። ሐሳቡ ሲሰሙት ፍትሐዊ ነው። ሆኖም ብዙ ተከታይ ያለው አንድ ታዋቂ ሰው ወደ አንዱ ሲያዘነብል ውጤቱ አብሮት እንደሚያዘነብል ታየ፤ የተሸነፈውን ፍጡር የወደዱት ደግሞ የወደዱት ነገር ከነአካቴው እንደተወሰደባቸው ቆጠሩት። በ2023 ምርጫው እንዲቀር በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ፈረሙ፤ በ2024 ሞያንግ ልማዱን አቆመ። ከካፕኮም የሥዕል ውድድር ጋር ስታነጻጽሩት ልዩነቱ ይታያችኋል። በሥዕል ውድድር የተሸነፈው ልጅ የሠራው ሥዕል በእጁ አለ፤ በድምፅ ምርጫ የተሸነፈው ግን የወደደውን ከማጣት በቀር የያዘው የለም። ድምፅ ማሰጠት ካሻችሁ የቀሩትም ሳይጣሉ ተራቸውን እንደሚጠብቁ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ የተናገራችሁትንም ፈጽሙ።

ለእናንተ የሚስማማው ትንሽ፣ በአንድ ቅዳሜ ተሠርቶ የሚያልቅ፣ ከጌማችሁ ጋር የሚሄድ ነገር መጠየቅ ነው። የታክሲ ረዳት ተሳፋሪ ሲጠራ የሚያሰማው ድምፅ፣ አንድ እንቆቅልሽ፣ ለበስተኋላ የሚሆን የሰፈር ሥዕል ሊሆን ይችላል። የአንድ ደቂቃ ቅጂ ለመላክ የሚያስፈልገው ስልክ ብቻ ነው፤ የኮልፌ ልጅም የቦሌ ልጅም እኩል ይወዳደራሉ። ሽልማቱ ሥራው ወደ ጌሙ መግባቱና የሠሪው ስም መጠቀሱ ይሁን። ካሸናፊው በታች ያሉትን ደህና ሥራዎችም የሚገቡበትን ጥግ ፈልጉላቸው፤ አንድ ደረጃ ላይ የሚሰማ ድምፅ፣ አንድ ግድግዳ ላይ የሚታይ ሥዕል ለእናንተ ወጪ አያስወጣም፤ ለላኪው ግን ጌሙን ለቤተሰቡ ሁሉ የሚያሳይበት ምክንያት ነው። ለላከው ሁሉ መልስ ስጡ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች በብዛቱ የተነሣ ይህን ማድረግ አይችሉም፤ እናንተ ግን መቶ ሰው ቢልክላችሁ መቶውንም አንብባችሁ ወይም ሰምታችሁ በየስማቸው አንድ አንድ መስመር መጻፍ ትችላላችሁ፤ ይህ ዕድል ጌማችሁ ሲያድግ ያልፋችኋል።

ደንቡን በአንድ ገጽ፣ በሚነበብ አማርኛ ጻፉት፤ ዳኞቹ እነማን እንደሆኑ፣ ሥራው ከተላከ በኋላ የማን እንደሆነ፣ ውጤቱ መቼ እንደሚነገር ይኑርበት። አሸናፊውን በዕጣ አትምረጡ፤ ሎተሪና ዕጣ በመንግሥት ፈቃድ የሚካሄድ ነውና ሳታስቡት ወደዚያ ትገባላችሁ። ስልክ ቁጥርና አድራሻ ስትሰበስቡ ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እናንተንም እንደሚመለከት አውቃችሁ፣ ከሚያስፈልጋችሁ በላይ አትጠይቁ፤ ውድድሩ ሲያልቅም አጥፉት። ውጤቱን ባላችሁት ቀን ተናገሩ፤ በዚያው ቀን የሁለተኛውን ውድድር ርዕስና የማስረከቢያ ቀን አብራችሁ ብታሳውቁ ያላሸነፈው ሰው የሚሠራው ነገር ይዞ ያድራል።